ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰባት ሰዎች

የእናቴን መርዶ የሰማሁት አምና በነቢያት ጾም፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ይዘውት የመጡት ሰባት ሰዎች ናቸው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው ግን መምጣታቸው አይደለም፤ አንዳቸውም ሳይናገሩ እኔ መስማቴ ነው።

አገሬ ሰቆጣ ነው። አዲስ አበባ ከመጣሁ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ባምቢስ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ፋይል የጠፋበት ሁሉ እኔን ይጠይቅ ስለነበር፣ ከብዙ ጸሎት በኋላ ሥራዬን ለቅቄ አማካሪ ልሁን አልኩ። ካርድም አሳተምኩ፦ «የመዝገብና የሰነድ አደረጃጀት አማካሪ» የሚል።

እትዬ አስካለ ካርዱን አገላብጠው አዩት። «ምክር የሚገዛ ሰው አለ እንዴ ምሕረትዬ? እኔ ይኸው ስንት ዓመት በነጻ ስመክርሽ መች ሰማሽኝ?» አሉኝ።

ሁለት ወር ሙሉ ማንም አልመጣም። እስከ ገና ካልመጣ ወደ ድሮ አለቃዬ ሄጄ «መልሱኝ» ልል ወስኜ ነበር። ቅዱስ ቂርቆስን በየዕለቱ ለመንኩት። አንድ ደንበኛ ብቻ፣ አልኩት። በስንት ሰዓትና በምን ሁኔታ እንደሚመጣ አልጠቀስኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

በዚያው ሰሞን እናቴን አሟት ነበር። እህቴ በስልክ «ጉንፋን ነው» ብላኛለች። ሩቅ አገር ላለ ሰው የሚነገር ጉንፋን ምን ዓይነት ጉንፋን እንደሆነ፣ ሩቅ አገር የኖረ ያውቀዋል። ከማክሰኞ ጀምሮ ደግሞ ኔትወርክ የለም።

ሐሙስ ጠዋት ውዳሴ ማርያሜን ጨርሼ ነጠላዬን ሳነሳ የግቢው በር ተንኳኳ። እትዬ አስካለ ከፈቱ። በመስኮት አየሁ። አራት ወንዶች፣ ሦስት ሴቶች፣ ሁሉም በዕድሜ የገፉ፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ።

«ምሕረት የምትባል ልጅ እዚህ ናት?» አሉ ከፊት የቆሙት ረጅም ሽማግሌ። «የሰቆጣዋ?»

እትዬ አስካለ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ወጣሁ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝና፣ «እህል ቀምሰሻል ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ጾም ነው አባባ። እስከ ስድስት ሰዓት አልቀምስም።»

«ቢሆንም ትንሽ ነገር ብትቀምሺ ይሻላል። ቁጭ በይ እስቲ መጀመሪያ።»

ከኋላቸው የነበሩ አንዲት እናት ደግሞ፣ «ብቻዋን ናት እንዴ የምትኖረው? ምስኪን» አሉ።

ሽማግሌ በጾም ማለዳ «ቅመሽ» ካለ የቀረው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን አልጠበቅሁም። «እናቴን!» ብዬ መሬት ላይ ወደቅሁ።

እትዬ አስካለ ተከተሉኝ። እናቴን አይተዋት አያውቁም፤ ግን ደረታቸውን እየመቱ በስሟ ይጠሯት ጀመር። የእናቴ ስም ወለተ ኪዳን ነው። እሳቸው ወለተ ማርያም እያሉ አለቀሱላት። አላረምኳቸውም።

ሰባቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ እነሱም ማልቀስ ጀመሩ። በእኛ ልማድ ያደገ ሰው አይፈርድባቸውም። ለቅሶ ላይ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ ኋላ ይጠየቃል።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግቢው ሞላ። አግዳሚ ወንበር መጣ፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ንፍሮ ተጣደ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላም ተባብለን የማናውቅ የታክሲ ሹፌር ጎረቤቴ የወለቀ ጫማዬን ፈልጎ እግሬ ላይ አጠለቀልኝ። እኔ የእናቴን ደግነት እየዘረዘርኩ አለቅሳለሁ። ረጅሙ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው በየመሃሉ «በቃሽ ልጄ፣ የማይቀር ነው» ይሉኛል።

ሁለት ሰዓት አካባቢ እትዬ አስካለ ፊታቸውን ጠርገው ወደ ሽማግሌው ጠጋ አሉ።

«ለመሆኑ መቼ ነው ያረፉት?»

«እሱን እኛም ልንጠይቃችሁ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «እኛ ስንገባ ነው መሰለኝ የተሰማው።»

«ኧረ በማርያም! መርዶውን ያመጣችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

«እኛ? እኛ ለምክር ነው የመጣን።»

ከካፖርታቸው ኪስ ካርዴን አወጡ። መነጽራቸውን አደረጉና ለለቀስተኛው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ አነበቡት። «የመዝገብና የሰነድ አደረጃጀት አማካሪ።» ንፍሮ የሚያማስሉት ማማሰያቸውን እዚያው ድስቱ ውስጥ አቆሙት።

ሽማግሌው ጋሽ ተፈራ ይባላሉ፤ ካዛንቺስ የነበረ የአንድ እድር ዳኛ ናቸው። ካርዱን የሰጠቻቸው የድሮ ባልደረባዬ፣ የሰፈራቸው ልጅ ነች። ቄራ አንድ አባላቸው ሞተው ለቅሶ ቤት አድረው ሲመለሱ፣ «ሳትወጣ እንድረስባት» ብለው በዚያው ወደ እኔ ዞሩ። ነጠላው የሌላ ሰው ሐዘን ነው። እህል ቀምሰሻል ወይ ያሉኝም የእድሩ ጣጣ በባዶ ሆድ የሚሰማ ስላልሆነ ነው።

እኔ ግን አላመንኳቸውም። መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ ሌላ ወሬ ያወራል። «ትንሽ አሟታል» ይላል፤ «በዚህ ስናልፍ ነው» ይላል። ካርድ ማውጣታቸው ብቻ ነው አዲስ የሆነብኝ።

«ማሉልኝ» አልኳቸው።

«መሐላ ምን ያደርግልሻል? ደውዪ።»

ደወልኩ። አይጠራም። ደግሜ ደወልኩ። አይጠራም።

ለቀስተኛው ግራ ገባው። የታክሲ ሹፌሩ፣ «ብንሄድና ሞተው ቢሆን ነውር ነው፣ ብንቀመጥና በሕይወት ካሉ ደግሞ ሟርት ነው። በቃ፣ ምን ይሻላል?» አለ። ያቺ «ምስኪን» ያሉኝ እናት፣ እማማ ዘነቡ፣ ቆረጡት። «ድምጿን ሳንሰማ ከዚህ አንነቃነቅም።» ሁሉም ተቀመጠ። ለቅሶው ብቻ ቆመ።

በየአምስት ደቂቃው ስሞክር ሦስት ሰዓት አለፈ፤ አራት ሰዓትም አለፈ። በልቤ ቅዱስ ቂርቆስን፣ «ደንበኛው ይቅርብኝ፣ እናቴን ብቻ» አልኩት። ደንበኞቹ አጠገቤ ተቀምጠው ስልኬን ያያሉ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጠራ። እህቴ አነሳች።

«እማማን ስጪኝ» አልኳት።

«ውጪ ናት፣ ጎመን ትቆርጣለች። ቆዪ።»

ይህም መርዶ ሲደበቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«ማን ነው?» አለች እናቴ፣ በቁጣ። ስልክ ስታነሳ ሁልጊዜ ትቆጣለች።

ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

«ምሕረት? ምን ሆነሻል? አልቅሰሻል እንዴ?»

«ደንበኛ መጥቶልኝ ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም።

«ስንት ሰው?»

«ሰባት።»

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እማማ ዘነቡ ከዚህ ሆነው ተቀበሏት። ከዚያ አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ተቀበለ።

«እነማን ናቸው ደግሞ?» አለች እናቴ።

«ደንበኞቼ ናቸው።»

«እግዚአብሔር ያክብራቸው። ምሳ ሳታበያቸው እንዳትለቂያቸው።»

ንፍሮው ደርሶ ነበር። የጾም ስለሆነ ችግር የለውም ተባለ።

ጋሽ ተፈራ ተነስተው ነጠላቸውን ገልብጠው አስተካከሉ። «እንግዲህ ወደ ጉዳያችን» አሉ። ሰፈራቸው ተነስቶ አባላቱ ገላን፣ አራብሳና ቡልቡላ ተበትነዋል። የአባላቱ መዝገብ የተጻፈው በቤት ቁጥር ነው፤ ቤቶቹ ደግሞ የሉም። ጡሩምባ ነፊው ቢነፋ የሚሰማው አባል የለም። በዚያ ወር አንድ አባላቸው አርፈው የቀበሯቸው አሥራ አንድ ሰዎች ብቻ ናቸው። እዚህ ላይ ድምፃቸው ወረደ። «ሰው እንዲህ አይቀበርም ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ ግቢውን ዞር ብለው ቃኙት።

«አንቺ ግን ይህን ሁሉ ሰው በግማሽ ሰዓት ያመጣሽው በምንድን ነው?»

«በጩኸት» አልኳቸው።

ካርዱን እንደገና አዩት። «እሱ እዚህ ላይ አልተጻፈም» አሉ።

ሥራው አራት ወር ፈጀ። መዝገቡን ከቤት ቁጥር ወደ ሰው ስም አዞርኩት። ሞት ሲሰማ እያንዳንዱ አባል ለሦስት አባላት እንዲደውል፣ ማን ለማን እንደሚደውል ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ለሞተ አባል ድንኳኑ ሰው ጎድሎት አያውቅም። ሁለት ሌሎች እድሮችም ሰምተው መጥተዋል፤ እነሱ በስልክ ቀጠሮ ይዘው ነው።

ያን ጠዋት ሳስበው አፍራለሁ። በጤናዋ ጎመን ትቆርጥ የነበረች እናቴን ከአንድ ሰዓት በላይ አልቅሼላታለሁ። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም። ግን ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው፣ ያ ቀን ሲመጣ ማን ከጎኑ እንደሚቀመጥ አስቀድሞ አያውቅም። እኔ አውቄያለሁ። ለዚህም አመሰግናለሁ። የእድሩ አባል ሆኛለሁ፤ ስሜን መዝገቡ ላይ የጻፍኩት ራሴ ነኝ።

እንግዲህ በዚያ ጠዋት ለመጣችሁት ለሰባታችሁ አንድ ልመና አለኝ። እናቴ ሰማንያ ሊሞላት ነው። አንድ ቀን መምጣታችሁ አይቀርም። ለሥራ ስትፈልጉኝ ከሦስት ሰዓት በኋላ ኑ። ነጠላችሁን አስተካክላችሁ ልበሱ። እህል መቅመሴንም አትጠይቁኝ። ማለዳውን ለዚያ ቀን አቆዩልኝ።

ያን ዕለት ግን ሰባታችሁም ኑ። አንዳችሁም እንዳትቀሩ።