ላሚቱ የተነፋች ለት

ሴትየዋ ፈሪ ነበረች። ሌላው ሰው የሚስቅበትን ነገር ሁሉ ትፈራለች፦ ሊፍት፣ የጋዝ ምድጃ፣ በአጥር ውስጥ የሚጮህ ውሻ። የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት አዳራሽ ውስጥ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ በኖረችባቸው ዓመታት ፍርሃቷ ብዙም አላስቸገራት። ኮሌታ አይናከስም፣ ኪስ አይራገጥም። አዳራሹ ተዘግቶ ሥራ ስትፈታ ግን የከባድ መኪና ሾፌር የሆነው ባሏ፣ «ያባቴ መሬት ላይ እህቴ ብቻዋን ናት፤ እዚያ ግቢና ሥራውን ታለማምድሽ» አላት። ልቧ ስንጥቅ አለ። እንቢ የምትልበት አፍ ግን አልነበራትም።

የባሏ ታላቅ እህት ባላቸውን የቀበሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ምላሳቸው ምላጭ የሆነ ሴት ናቸው። እሷ «እትዬ» ነው የምትላቸው። እትዬ በቃል ማስተማር አይሆንላቸውም፤ ትምህርታቸው በሙሉ «እጅሽን አግቢ» ነው። ዶሮዋ እንቁላል ታቅፋ ስትቆጣ «እጅሽን አግቢ!» የፍግ ክምሩ መብሰል አለመብሰሉ ሲያጠራጥር «እስከ ክርንሽ አግቢና ትኩሳቱን እይው!» ታገባለች፣ ትጮኻለች፣ ታወጣለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ካሮት መዝራት፣ ችግኝ ማዛወር፣ ጫጩት ማሳደግ ለመደች። ላሚቱን ግን አልቻለቻትም። ባልዲውን ይዛ ከጎኗ ስትቀመጥ ላሚቱ አንገቷን ባዞረች ቁጥር ብድግ ትላለች።

«እትዬ፣ እያየችኝ ነው እኮ!»

«ዓይን አላት፣ ታያለቻ! በጭራዋ ታይሽ?»

በኋላ እትዬ ከገለባው ክምር ላይ ተንሸራተው ቀኝ ክንዳቸውን ሰበሩና እጃቸው በጀሶ ታሰረ። የላሚቱ ነገር ሁሉ እሷው ላይ ወደቀ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ገና ሳይደርቅ፣ ላሚቱ ከጠገበች አትራገጥም ብላ ለጋውን የአልፋልፋ መኖ እርጥቡን አጭዳ እቅፍ ሙሉ አቀረበችላት። ደግማም ጨመረችላት። ከዚያ ሽንኩርቱን ልታርም ወረደች። ስትመለስ ከበረቱ ሲቃ የመሰለ ድምፅ ሰማች። ላሚቱ አንገቷን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ቆማለች፤ ለሃጯ ይዝረበረባል። ግራ ጎኗ ከአከርካሪዋ በላይ አብጦ ቆዳው እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

«እትዬ! እትዬ ድረሱልኝ!»

እትዬ የታሰረ እጃቸውን በሌላው አቅፈው መጡና አንዴ ሲያዩዋት ፊታቸው አመድ መሰለ። ሲቀልዱ እንጂ ሲደነግጡ አይታቸው አታውቅም። ከላሚቱ ይልቅ ያስፈራት ይሄ ነበር።

«ምን አበላሻት?»

«አልፋልፋ...»

«እርጥቡን?»

በአንገቷ አዎ አለች። «እርጥቡ እኮ ሆድ ውስጥ አየር ይሞላል» አሉ እትዬ፤ አልተቆጧትም።

የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ደወሉ። ከወንዙ ማዶ ሥራ ላይ ነው፤ ምንም ቢፈጥን ከሰዓት በፊት አይደርስም። «ዘይት አጠጧትና አቁማችሁ አንቀሳቅሷት» አለ። «ከወደቀች ግን እኔን አትጠብቁ። ጎኗን በቢላ ውጓት።»

ዘይቱን በጠርሙስ ይዛ በላሚቱ ከንፈር ጥግ በኩል እጇን አስገባች። ሻካራው ምላስ ጣቶቿን ሲጠቀልላቸው ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች። ግማሹ ዘይት ገባ፣ ግማሹ በገዛ ደረቷ ላይ ፈሰሰ። ገመዱን ይዛ በግቢው ውስጥ ዞር ዞር አደረገቻት። ላሚቱ ጥቂት ከሄደች በኋላ ፊት እግሮቿ ታጠፉና ግንብ እንደተናደ ዘጭ አለች። ምላሷ ወጣ፤ መልኩ ጠቁሯል።

እትዬ በግራ እጃቸው ቢላና አጭር የላስቲክ ቱቦ ይዘው ከጓዳ ተመለሱ።

«በይ ያዢ።»

«እኔ? እትዬ፣ በሞቴ! እገድላታለሁ!»

«ዝም ካልሻትም ትሞታለች። እኔ በዚህ ግራ እጅ ሽንኩርት እንኳ መላጥ አቅቶኛል። ነይ፣ ተንበርከኪ። የዳሌዋ አጥንት ያው። የመጨረሻው ጎድኗ ያው። መሀላቸው ከፍ ብሎ ያበጠው ላይ ነው። ጫፉን ወደ ቀኝ ፊት እግሯ አዙሪና በኃይል!»

ተንበረከከች። ዓይኗን ጨፍና ገፋችው፤ ቢላው የላሚቱን ፀጉር ላጭቶ ቆዳዋን ጫረና ቆመ። ላሚቱ አቃሰተች፤ እሷም አብራ አቃሰተች።

«ዓይንሽን ግለጪ!» ጮኹ እትዬ። «እያየሽ ነው የሚወጋው!»

ገለጠች። ያን ጊዜ የላሚቱ ትንፋሽ እየተቆራረጠ መሆኑን አየች። እጀታውን በሁለት እጇ ጨብጣ የሰውነቷን ክብደት በሙሉ ጣለችበት። ቆዳው ጠጥሮ ቆየና በድንገት ለቀቀ። ቢላው እስከ እጀታው ገባ።

ጎማ የተነፈሰ የሚመስል ፉጨት ወጣ። አረንጓዴ አረፋ ፊቷ ላይ ተረጨ። ሞተች ብላ ቢላውን ለቃ ልትሸሽ ስትል እትዬ በደህናው እጃቸው ትከሻዋን ጨምድደው ያዟት።

«የት ልትሄጂ? ቱቦውን አግቢበት፣ ቀዳዳው ሳይደፈን! ዘይቱንም በቱቦው ጨምሪ!»

አገባች፤ ጨመረች። እብጠቱ በዓይኗ ፊት ቀስ እያለ ረገበ። ላሚቱ ረጅም ትንፋሽ ሳበች፤ ቆይታም ጆሮዋን አርገበገበች። እትዬ መሬት ላይ ዘርፈጥ ብለው ቁጭ አሉ።

ሐኪሙ ከሰዓት መጥቶ ቁስሉን አጠበ፣ መድኃኒት ወጋት። ሲጨርስም ጣቱን ከቀዳዳው ዝቅ አድርጎ አሳየና፣ «ቢላው እዚህ ጋ ቢያርፍ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» አለ። ሰውየው ይህን ያለው ለወሬ ነው። እሷ ግን የቀኑ ፍርሃት ሁሉ ያን ጊዜ ነው ተጠራቅሞ የመጣባት። ከቤቱ ጀርባ ሄዳ አስመለሳት።

ማታ ባሏ ደወለ። ሁሉን ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ግን ሳቁን ተወ።

«ልምጣና ልውሰድሽ?»

አዎ ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በማግስቱ ቁስሉን ማን ሊያጥብላት ነው? «እስቲ ትዳንና» አለችው።

ቁስሉ መግል ያዘ፤ ቶሎም አልጠገገ። በየጠዋቱ ለብ ያለ የጨው ውሃ በሳፋ ይዛ በረቱ በር ላይ ትቆማለች፣ እግዜርን ትጠራለች፣ ትገባለች። ቀን በቀን እንደፈራች ነው። አንድ ጠዋት ጎንበስ ብላ ስታጥብ ላሚቱ ዞር ብላ ማጅራቷን በዚያ ሻካራ ምላሷ ላሰቻት። ኡኡታዋን ለቀቀችው፤ ሳፋውም ተደፋ። እትዬ ከቤት ውስጥ ሆነው፣ «የትኛችሁ ናት የተወጋችው?» እያሉ ሲስቁ ይሰማታል። ሳፋውን አነሳችና ሌላ ውሃ ልታሞቅ ወደ ጓዳ ሄደች።