ደረጃ ላይ የምትመላለሰው ምራት

ልብስ ሰፊዋን የመረመራት ሐኪም ክፉ ሰው አልነበረም። "ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ ደምሽ ውስጥ ያለው ስብም በዝቷል። ጨውና ዘይት ቀንሺ፤ አትክልት አብዢ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ፈጠን እያልሽ ተራመጂ፤ ለልብሽ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም" አላት።

እሷ ከት ብላ ሳቀች።

"መራመድ ያስቃል እንዴ?" አለ ሐኪሙ ግራ ገብቶት።

ምን ትበለው? ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ የአማቷ አልጋ ደግሞ እዚያው ጎን። አማቷ ወገባቸው ከተሰበረ ወዲህ ያለ ሰው ገልበጥ እንኳ ማለት አይችሉም። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ብቅ ሲል ያዩታል፣ ወዲያው ደግሞ የለም። ሐኪም ቤት የመጣችው ራሱ አማቷን እንዲጠብቅላት ጎረቤት ለምና ነው።

ያም ሆኖ ጨዉን ቀነሰች። አማቷ የምስር ሾርባውን ቀምሰው ማንኪያውን መለሱት።

"ይሄ ምግብ ነው የድስት እጣቢ?"

"ለልብ ጥሩ ነው እማዬ።"

"የኔ ልብ ምን አደረገሽ?"

ከዚያ ወዲያ ሁለት ድስት መጣድ ጀመረች፤ አንዱ ለእሳቸው፣ አንዱ ለራሷ። የእሳቸው ድስት ሽታ አፏን ውኃ ሲሞላው ካሮቷን እያኘከች ስፌቷ ላይ ታቀረቅራለች።

መራመዱ ነው የከበዳት። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል አማቷ "ራሴን አዞርሽው!" አሉ፣ ከታች ያለው ጎረቤት ደግሞ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ። ስለዚህ በሩን ገርበብ አድርጋ ደረጃውን መውጣትና መውረድ ጀመረች። ታዲያ ገና ትንሽ ወረድ ከማለቷ አማቷ የአልጋውን ብረት በማንኪያ ኳ ኳ ያደርጋሉ። እያለከለከች ትመለሳለች።

"ምን ፈለጉ እማዬ?"

"ምንም። አለሽ ወይ ብዬ ነው።"

አንድ ቀን ከሰዓት ማንኪያው ሲጮህ እግሯ አልመለስ አላት። ወረደች። የግቢውን በር አልፋ መንገዱ ላይ ወጣች፤ በነጠላ ጫማዋ፣ የስፌት መለኪያው አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ። እጇን እያወናጨፈች እስከ ነዳጅ ማደያው ድረስ ገሰገሰች። ላብ ጀርባዋን ሲያርሰው ደስ አላት። ወዲያው ግን "ወድቀው ቢሆንስ?" ብላ ዞረች፣ በሩጫም ተመለሰች።

አማቷ አልወደቁም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያለቅሳሉ።

"ጥለሽኝ የሄድሽ መሰለኝ።"

"የት እሄዳለሁ እማዬ?" አለች አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ ብላ። ከዚያ ታፍኖ የኖረው ሁሉ ገነፈለ። "የት አለኝና ልሂድ? እርስዎ አልጋው ላይ ታስረዋል፣ እኔ ደግሞ እርስዎ ላይ ታስሬያለሁ። ልቤ ቀጥ ቢል እዚሁ መኪናዬ ላይ ድፍት እላለሁ፣ እርስዎም ተነስተው አያነሱኝም!"

አሮጊቷ እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ "ስልኩን አምጪው" አሉ።

ልጃቸው ገና ሃሎ ከማለቱ "ስማ፣ ሚስትህ ከኔ ቀድማ ልትሞት ነው። እህትህስ ልጄ አይደለችም እንዴ፣ እናቷን አታይም?" ብለው ጮሁበት።

ከዚያ በኋላ ፀጉር ሠሪዋ እህቱ ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ማለዳ እየመጣች አጠገባቸው ትቀመጥ ጀመር። መቅረት የምታበዛ ናት፤ ስትመጣም ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋም እንደ ተማሪ በተሰጣት የእረፍት ሰዓት ልክ ተራምዳ፣ አላፊ አግዳሚውን በቅናት እያየች ትመለሳለች።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ግፊቷ ትንሽ ወረድ ብሎ ተገኘ። "ጎበዝ! አሁን መንገዱን ረዘም አድርጊው" አላት ሐኪሙ።

"እሺ" አለች። ረዘም የሚል መንገድ ግን አልነበራትም፤ ፀጉር ሠሪዋ በቀረችበት ማለዳ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጋ ደረጃውን ትወርዳለች፣ ትወጣለች።