የአማቴ አፈር በጓሮዬ

ናዝሬት ተራራ ሥር ቤት የሠራ ሰው ክረምት ሲገባ አካፋውን በር ላይ ማቆም አለበት። የእኛ ቤት ከተማው አልቆ ዳገቱ የሚጀምርበት ጋ ነው፤ ዝናብ በጣለ ማግስት ግቢያችን እስከ ደረጃው ድረስ ጭቃ ይሞላል። ሰፈርተኛው ጎርፉን ሲራገም እኔ ዝም እላለሁ። ለእኔ ይዞልኝ የሚመጣው አፈር ቡናማና ልስልስ ነው፤ በአካፋ እየዛቅኩ ወደ ጓሮ ወስጄ ጎመን፣ ቆስጣና ቃሪያ እተክልበታለሁ። መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ተጎንብሼ እውላለሁና ጓሮዬ ማረፊያዬም መኩሪያዬም ነው። ከቤተ ክርስቲያን እህቶች መጥተው "እጅሽ የተባረከ ነው" ሲሉኝ "ጌታ ይመስገን" እላለሁ እንጂ የጎርፉን ነገር አንስቼላቸው አላውቅም።

የባለቤቴ አባት ገበሬ ናቸው። አባባ ነው የምላቸው። ማሳቸው ከእኛው ቤት በላይ ዳገቱ ላይ ስለሆነ፣ ልብስ ሳሰጣ ቀና ካልኩ በሬዎቻቸውን አያቸዋለሁ። ባለቤቴንና እህቶቹን አሳድገው ያስተማሩት በዚያ ማሳ ጤፍና ቦሎቄ ነው።

አንድ ዓመት እህል ከተሰበሰበ በኋላ መጡና ሳሎን ቁጭ ብለው፣ "እርሻውን ልተወው ነው" አሉን። አፈሩ ሳስቷል፣ ድንጋዩ አግጥጧል፣ የሚበትኑት ማዳበሪያ ሳይቀር ከዘሩ ጋር በጎርፍ ይሄዳል። "አንድ ክረምት ልሞክር። እንደዚሁ ከሆነ ድንጋይ አላርስም፤ ማሳውን ለጎረቤት ሰጥቼ እናንተ ዘንድ እገባለሁ" አሉ። ይህን ሲሉ አንዴም ቀና ብለው አላዩንም። ባለቤቴ ወዲያው የሰርቪሷን ክፍል ጠርጎ አዲስ አልጋ አስገባላቸው።

ያንን አልጋ ባየሁ ቁጥር እሳቸውን አስብ ነበር። ሰውዬው ከበሬና ከማረሻ ተለይተው በየትኛው አንጀታቸው ይኖራሉ? እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ፣ እኔና አባባ እንዋደዳለን እንጂ አንድ ጣሪያ ሥር አንስማማም። ለዓይን ሕክምና መጥተው የሰነበቱ ጊዜ ጎህ ሳይቀድ እየተነሡ ግቢ ይጠርጉ ነበር፤ የእኛ ሲያልቅባቸው የጎረቤትን ይቀጥላሉ። ሬዲዮናቸውን ደግሞ ሰፈሩ እስኪሰማ ነው የሚከፍቱት። እኔም መቼም አፌን ይዤ የምቀመጥ ሴት አይደለሁም። ሁለታችንም ተኮራርፈን ባለቤቴ በመሃል መልእክት ሲያመላልስ ሰነበተ።

አልጋውን ለማየት የመጡ ዕለት ነው ነገሩ የተጀመረው። ሰርቪሷ በጓሮ በኩል ናት፤ አባባ ደግሞ ጓሮ የሴት ቦታ ነው ብለው ዞረው አያውቁም። ፍራሹን በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው ወጡ፣ ጎመኔ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ቁጢጥ ብለው አፈሩን አፈሱ፣ በመዳፋቸው አሹት፣ አሸተቱት።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"ጎርፍ ነው ያመጣልኝ፣ አባባ።"

"ጎርፉስ ከየት አመጣው?"

ሁለታችንም ቀና ብለን ዳገቱን አየን። ቦዩ ከማሳቸው ጥግ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ የሚወርደው እኛ አጥር ላይ ነው።

"የኔ አፈር ነው" አሉ። "አባቴ ፍግ ያበላው አፈር ነው፣ በጠረኑ አውቀዋለሁ። አንቺ ልጅ፣ እኔ ሳርስ አንቺ ስትበዪ ነው እንዴ የኖርሽው?"

"እኔ ነኝ እንዴ ዳገት ወጥቼ የዛቅኩት? በእግሩ ነው የመጣ።"

በማግስቱ ጠዋት የአህያ ጋሪና ባዶ ጆንያ ይዘው ከች አሉ። አፈራቸውን ሊወስዱ ነው። እሳቸው በአንድ በኩል ሲዝቁ እኔ በሌላ በኩል ጎመኔን ከነሥሩ እየነቀልኩ አተርፋለሁ፤ "ቀስ ይበሉ እንጂ" እላለሁ፣ "አፈሬን ልቀቂ" ይሉኛል። ጎረቤቶቻችን ሥራ ፈተው በአጥር ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። ጋሪው ሞልቶ ስንወጣ አህያዋ መሃል ዳገት ላይ አንድ እርምጃ አልሄድም ብላ ቆመች። ምን ላድርግ፣ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ጋሪውን ከኋላ እገፋ ጀመር፤ የራሴን ጎመን አፈር ወደ ላይ የምገፋ ሴት ሆንኩ።

ማሳው ደርሰን አፈሩን ዘረገፍነው። ያ ሁሉ ልፋት የማሳውን ጥግ እንኳ አልሸፈነም። በላቡ የተጠመቀ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፤ ድንጋይ እንደሆነ ሞልቷል። አባባ ክምሯን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል" አሉ። "መመለሱ ነው የሚያስለቅሰው።"

የግብርና ባለሙያው እርከን ይሥሩ እያለ ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቷቸዋል። እሳቸው ግን "እርከን መሬት ይበላል፣ አይጥ ያራባል" ብለው ይመልሱታል። ይሄን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ባለቤቴም ለምኖ ለምኖ ትቶታል። እኔ ግን ጋሪ የገፋሁበት ወገቤ እየነደደኝ ስለነበር ይሉኝታ የሚባል ነገር አልያዘኝም።

"አባባ፣ አንድ እርከን ምን ያህል መሬት ይበላል?"

"ክንድ ቢሆን ነው፣ በስፋቱ።"

"የኔ ጓሮስ እስከዛሬ ምን ያህል በላ?"

አህያዋን አሻሹ፣ ጆንያውን አጠፉ፣ ከዚያ "አንቺ ይሄ አፍሽ" አሉኝ።

በሳምንቱ ደቦ ጠሩ። የአጠራራቸው ነገር እስከዛሬ ያስቀኛል። በየጎረቤቱ እየዞሩ፣ "ምራቴ አፈሬን ሰርቃ ጨረሰችው፤ ኑና አስጥሉኝ" አሉ። አገሩ ሌባዋን ለማየት ነቅሎ መጣ። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ጠጪውም የማይጠጣውም አብሮ እንዲቀምስ ብርዝ በጥብጬ፣ ዳቦ ደፍቼ ወጣሁ። "አካም፣ ሌባዋ" እያሉ በኦሮምኛ ሰላምታ እጄን ጨበጡኝ። ወንዶቹ ዳገቱን አግድም እየቆፈሩ አፈሩን ወደ ላይ ሲከምሩ፣ እኛ ሴቶቹ ድንጋይ እየተቀባበልን አቀበልን። አንድ ሽማግሌ ትልቁን ድንጋይ ሌባዋ ትሸከም ብለው ፈረዱ፤ ተሸከምኩ። በእርከኑ አፋፍ ላይ ለከብትም ለአፈርም ይሆናል ተብሎ ዝሆኔ ሳር ተተከለ። ኩበት እየሆነ ያልቅ የነበረውን ፍግም አባባ ያን ዓመት ማሳው ላይ በተኑት።

ክረምቱ ገባ። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ የጣለ ዕለት የቆርቆሮው ጩኸት የስፌት መኪናዬን ድምፅ ዋጠው። ባለቤቴ መስኮቱ ጋ ቆሞ ዳገቱን ሲያይ አመሸ፣ ሁለታችንም ስለ አልጋው አላነሣንም። ጠዋት አካፋዬን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ሥር ትንሽ አሸዋና አንድ እግር ነጠላ ጫማ ነበር። ሌላ የሚዛቅ ነገር የለም። ጓሮዬን አየሁት፣ ዘንድሮ የሚጨመርለት የለም፤ እኔ ግን ደስታዬን የማደርግበት ጠፍቶኝ አካፋዬን ተደግፌ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ዓይኔም እንባ አቀረረ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ።

"አባባ፣ ዘንድሮ ምንም አልላኩልኝም።"

"ምንም?"

"አሸዋና አንድ እግር ጫማ ብቻ።"

"ጫማው የኔ አይደለም" አሉ። "እንግዲህ ጎመንሽን ከገበያ ግዢ" ብለው ጨመሩ። ድምፃቸው ውስጥ ሳቅ ነበር።

"እገዛለሁ።"

"ያ አልጋስ?"

"አለ። ዝናብ እንዳያበሰብሰው ብዬ ከባቱ ከተማ ያስመጣሁትን ሽንኩርት አስጥቼበታለሁ።"

"ሽንኩርቱን እንዳታነሺው" አሉ። "መሬቱ ውሃውን ጠጥቶታል። በሬ ጠምጃለሁ፣ ስልኩን ዝጊው።"