ያለ ተቀባይ የማይነገር ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መግሪብ ተሰግዶ መብራት በጠፋ ቁጥር አያቴ አባባ ሰዒድ ተረት ይነግሩኝ ነበር። ሻማ ይለኮሳል፣ በረንዳ ላይ ያለው የከሰል ፍም ጭሱን ወደ ቤት ይልካል፣ ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን መስኮቱን ሲያንቀጠቅጠው አባባ እስኪያልፍ ዝም ይላሉ። ከወሎ ይዘውት የመጡት ተረት ያለ ተቀባይ አይነገርም። በየመሃሉ አንድ ሰው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «እህ» ማለት አለበት፤ ካላለ አይቀጥሉም። ይህ ሥራ ድሮ የሴት አያቴ የእማማ ዘይነባ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ተረቱም ለወራት ተቋረጠ፤ ከዚያ በስምንት ዓመቴ እኔ ተተካሁ። ኩራቴ ለጉድ ነበር።

አንድ ምሽት ግን ተንኮል አማረኝ። ስሙን የሚጠራውን ድምፅ ተከትሎ ገደል አፋፍ ስለደረሰ መንገደኛ እየነገሩኝ ሳለ፣ እስቲ ዝም ብል ምን ይሆናል ብዬ አፌን ገጠምኩ። አባባ ጠበቁ።

«አለሽ ወይ?» አሉ።

ሳቄን በእጄ አፈንኩ። ያኔ ከኋላዬ፣ እማማ ይተኙበት ከነበረው ባዶ አልጋ በኩል፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ ሰማሁ፤ ልክ እንደ እሳቸው፣ መጨረሻው ላይ ሲር የሚል። እናቴ ከሥራ አልገባችም፤ ቤት ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። አባባ ግን አልደነገጡም። ፊታቸውን ከእኔ ወደ አልጋው መለሱ።

«ቆየሽብኝ» አሉ በቀስታ።

ተረቱን ጨረሱት። በቆሙበት ሁሉ መልስ መጣላቸው፤ እኔ መተንፈስ እንኳ ፈርቼ ተኮራምቼ ነበር።

ዛሬ ሥነ ልሳን አስተምራለሁ። የመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቼን ጥንድ ጥንድ አድርጌ፣ አንዱ ሲያወራ ሌላው ምንም ድምፅ እንዳያሰማ እከለክላለሁ። ብዙም ሳይቆይ ተናጋሪው ይንተባተባል፣ ከዚያ ይቆማል። ቋንቋ የተናጋሪው ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ይገባቸዋል፤ ይስቃሉም። የሰማሁት ምን እንደነበር ለማንም አስረድቼ አላውቅም፣ ለራሴም ጭምር። የቆጨኝ ግን ፍርሃቱ አይደለም። ከዚያ ምሽት በኋላ አባባ ተረት ሊጀምሩ ሲሉ ወንበራቸውን ወደ አልጋው ያዞሩ ነበር። እኔም ከጀርባቸው ቁጭ ብዬ፣ ትንፋሼን ስቤ፣ ጮክ አድርጌ «እህ» እል ነበር። እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቀን ዞር ብለው አላዩኝም።