«ሜምበርስ» የሚለው ገጽ

የነዳጅ ዋጋ ጣራ ነክቶ የካናዳዋ ካልጋሪ ያገኘችውን ሁሉ በምትቀጥርበት ዘመን፣ እኔ የቤተ ክርስቲያናችንን አንድ ትልቅ ሰው፣ ጋሼን፣ ከሥራ አስባረርኩ። እዚያ ቢሮ ያስገቡኝ ራሳቸው ነበሩ። በየጠዋቱ ከሰፈራቸው ከዶቨር እኔ ሰፈር ማርቲንዴል ድረስ መጥተው በመኪናቸው ይወስዱኝና እስክንደርስ ስለ ትሕትና ይመክሩኛል። ምን ልዋሽ፣ አንጀቴን ያሳርሩኝ ነበር።

ሥራችን የሰው ድረ ገጽ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ነው። አንድ ማሽን ብዙ ድረ ገጾች ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ኮንፊግ የሚባል የማዋቀሪያ ፋይል ይጻፍለታል፣ ማን መቼ የትኛውን ገጽ እንደከፈተ የሚመዘገብበት የሎግ ፋይልም እዚያው ይጠቀሳል። ጋሼ አለቃችንን አስፈቅደው የቤተ ክርስቲያናችንን ድረ ገጽ እንድጭን ጠየቁኝ። ቶሎ ልገላገላቸው ብዬ የአንድ ቁፋሮ ድርጅት ኮንፊግ ኮፒ አደረግኩና ስሙን ቀየርኩ። የሎጉን መስመር ረሳሁት። ከዚያ በኋላ የእኛን ድረ ገጽ የከፈተ ሁሉ ድርጅቱ ፋይል ውስጥ ይመዘገብ ጀመር።

ሁለቱም ድረ ገጾች «ሜምበርስ»፣ አባላት፣ የሚባል ገጽ ነበራቸው፤ ሎጉ ደግሞ የገጹን ስም እንጂ የድረ ገጹን ስም አይጽፍም። የድርጅቱ የጨረታ ሰነድ ነው፤ የእኛ የምዕመናን ስምና የጸሎት ርዕስ። ጋሼ ምሳ ሰዓት ላይ ሳንድዊቻቸውን ይዘው ያንን ይከፍቱና በየስሙ ይጸልያሉ።

ድርጅቱ ሎጉን አይቶ ከቢሯችሁ አንድ ሰው በየቀኑ ጨረታችንን ይከፍታል ብሎ ከሰሰ። አለቃው የማን ኮምፒውተር እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ሁለታችንንም አስቀመጠን።

«ሜምበርስ ፔጁን ትከፍታለህ?» አላቸው።

«የስ። በየቀኑ» አሉ ጋሼ። ስለ ጸሎታቸው የተጠየቁ መስሏቸው ፊታቸው ፈካ።

«ለማን ብለህ?»

«ፎር ማይ ብራዘርስ።»

ለወንድሞቼ ማለታቸው ነው፤ አለቃው ግን ተፎካካሪ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ የሥጋ ወንድሞች ያሏቸው መሰለው። እኔ የሚጸልዩላቸውን ምዕመናን እንዳሉ አውቃለሁ፤ የረሳሁት መስመርም እዚያው ወንበሬ ላይ ትዝ አለኝ። አለቃው ዞር ብሎ ሎጉ ሊሳሳት ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ።

«አይችልም» አልኩ።

ዕቃቸውን በካርቶን ይዘው ሲወጡ፣ «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። እኔ ተመልሼ አንዷን መስመር አስተካከልኩ። ሁለት ደቂቃም አልፈጀብኝ።

ሰው ሥራ ግባ ተብሎ በሚለመንበት በዚያ ዘመን እሳቸውን የሚቀጥር ቢሮ ጠፋ። ሌባ ተብለዋላ። እሑድ መድረክ ላይ ወጥተው በጸሎቴ ምክንያት ተባረርኩ ብለው መሰከሩ። ጉባኤው አሜን አለ፣ እኔም አልኩ።

አሁን ሎጉ ትክክል ነው። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ከዶቨር፣ ከጋሼ ቤት፣ አንድ ሰው የእኛን «ሜምበርስ» ይከፍታል። ስሜ ዝርዝሩ መሐል አለ። የጸሎት ርዕሴን የጻፍኩት በተቀጠርኩ ሰሞን ነው፤ «ሥራዬ እንዲጸናልኝ» ይላል።