ሞተሩ የጠፋበት ቁልቁለት

ባለፈው ኅዳር የልጅ ልጄ ዮናስ በአዲሱ መኪናው ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ይዞኝ ሲሄድ፣ ሳሳድገው ጣቴን ያላነሣሁበትን ልጅ መታሁት። መንገዱን ሙሉ ስለ መኪናው ሲደሰኩርልኝ ነበር። ተርቦ ነው፣ ሞተሩ ትንሽ ጉልበቱ ትልቅ፣ ነዳጁን አሽትቶ ብቻ ይሄዳል። እኔም የጤፉን ቢጫነት እያየሁ እሺ እሺ እለዋለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ግን፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ፣ ማርሹን አውጥቶ መኪናውን ለቀቀው። ያ ጠማማው ግራ እጄ እኔን ሳያማክረኝ ተነሥቶ ክንዱን አጮለው።

"እማማ፣ ምን ነካዎት?" አለኝ ደንግጦ። ዳር ይዞ እንዲያቆም ነገርሁት፤ ከዚያ ምን እንደነካኝ አጫወትሁት።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ እኔ ገና ያልተዳርሁ ኮረዳ ነበርሁ። ታላቅ ወንድሜ ወርቁ ለአንድ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ሾፌር ሆኖ ይሠራ ነበር። የዚያን ጊዜ ሾፌር፣ ኧረ ምኑን ልንገራችሁ፣ ከዳኛው ቀጥሎ የሚከበር ሰው ነው። ሾፌሮቹ ፍኖተ ሰላም ጠጅ ቤት ሲገናኙ የሚፎካከሩት በፍጥነት አልነበረም፤ ማን በትንሽ ናፍጣ ደብረ ማርቆስ ደርሶ ተመለሰ በሚል ነው እንጂ። ዘዴያቸውም አንድ ነው፤ ቁልቁለት ሲያገኙ ሞተሩን ጥርቅም አድርጎ ማጥፋትና መኪናውን በገዛ ክብደቱ መልቀቅ። በዚህ ወርቁን የሚያህል አልነበረም። የወርቁ መኪና ናፍጣ አይጠጣም፣ ይሳለማል እንጂ እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ያን ዓመት ነጋዴው አዲስ መኪና አስመጣ። ዳገት ሲወጣ ያፏጫል፤ ፉጨቱ የተርቦው ነው አሉን። መኪናውን ያመጣው ሰው የዚህ ፍሬን ሞተሩ በሚሞላው ንፋስ እንደሚሠራ፣ እንደ አሮጌው በእግር ጉልበት እንደማይያዝ፣ ሞተር ጠፍቶ እንደማይታመን ለወርቁ ነግሮታል። መስማትስ ሰምቷል። ግን አዲሱ መኪና ናፍጣ በላበት ተብሎ ጠጅ ቤት ሊሣቅበት ነው? ከዚያስ ሞቱን ይመርጣል።

ኅዳር ላይ፣ በገበያ ቀን፣ የደረቀ በርበሬ ጭኖ ፍኖተ ሰላም አክስታችን ዘንድ ሊያደርሰኝ ጋቢና አስገባኝ። የተቆላ ሽምብራ ይዘን ነበር። አፋፉ ላይ ሞተሩን አጠፋው። ከጎማው ድምፅና ከምንቆረጥመው ሽምብራ በቀር ምንም አይሰማም፤ እውነቴን ነው፣ ደስ ይል ነበር። አንደኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬኑ ያዘ፤ ሁለተኛውም ላይ ያዘ። ከዚያ ከእግሩ ሥር እስስ የሚል ነገር ሰማሁ፤ ንፋሱ አለቀ። ታች ድልድዩ አፍ ላይ አንድ ገበሬ ሁለት በሬ ይነዳሉ። ወርቁ ጡሩንባውን ነፋ፣ ሞተሩን ሊያስነሣ ታገለ፣ አልነሣ አለው። በሬዎቹን ስንመታ የአጥንታቸው ስብራት ጋቢናው ድረስ ተሰማ። መኪናው ድልድዩን ስቶ በጎኑ ተጋደመ፤ የገበሬው እግር ከሥሩ ቀረ። ሰውየው አያ ደምሴ ይባላሉ።

ጆንያው ፈንድቶ፣ በርበሬው ተጨፍልቆ አቧራው አገሩን ሞላው። ገበያተኛው እያሳለና እያነጠሰ፣ ዓይኑ እያነባ መጣ፤ ማንን እንደሚመታ እንኳ በቅጡ አያይም። ወርቁን በእግሩ ጎትተው አወጡትና ዱላ አወረዱበት። መንጋጋው ሲሰበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጥርሱን ከደሙ ጋር ተፋ። እኔ ሄጄ ላዩ ላይ ተጋደምሁበት። የአያ ደምሴ ልጅ ይግዛው በምንሽሩ ሰደፍ ለወንድሜ ጭንቅላት የሰነዘረው ግራ ክንዴ ላይ አረፈ፤ ቀጭ አለ። ቀጥሎም ምንሽሩን አቀባበለ። ወንድሜ በቃ አለቀለት አልሁ።

"ይግዛው!" አሉ አያ ደምሴ ከመኪናው ሥር። "እሱን ከገደልኸው ይህን ብረት ከላዬ ማን ሊያነሣልኝ ነው?"

ይግዛው አፈሙዙን ዝቅ አደረገ። ወርቁን ሲደበድቡት የነበሩት ሰዎች ብብቱን ይዘው አቆሙት። መናገር ስላልቻለ ክሪኩን የት እንደሚተክሉ በደም በተነከረ ጣቱ አሳያቸው። አያ ደምሴ በሕይወት ወጡ፤ ግራ እግራቸው ግን ተቆረጠ።

ይግዛው ደም ካላየሁ አለ። ወንድሜን መንገድ ላይ እንደማይጠብቀው ዋስ የሚሆን ጠፋ። ቄሶች መስቀል ይዘው ገቡ፣ ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ዋሉ፤ በመጨረሻም ደም የሚደርቀው በዝምድና ነው ብለው ቆረጡ። ከፋሲካ በኋላ ክንዴ ጠሞ ሲገጥም፣ ለሰባሪው ዳሩኝ። በሠርጌ ቀን ወርቁ በድዱ ጠላ እየተጎነጨ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። እስኪያረጅ ኖረ፤ መሪ ግን ዳግመኛ አልጨበጠም።

ዮናስ አቀርቅሮ ሰማኝ። ይግዛው ማለት አያቱ ነው፤ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተረት እየነገረ ያሳደገው አያቱ። መኪናውን አስነሣና ማርሽ አስገባ። ለነገሩ የዛሬ መኪና ቁልቁለት ላይ ማርሹ ካልወጣ ራሱ ነዳጁን ይዘጋል አለኝ፤ ማውጣቱ ልማድ ሆኖበት ነው።

"ታዲያ እማማ፣ እርስዎ አያቴን ይቅር አሉት?" ሲል ጠየቀኝ።

"ልጆች ወለድሁለት፣ ቀበርሁት" አልሁ። "ይህን ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም።"

ስቀብረው ያለቀስሁት ከልቤ ነው። ንዴቴም ከልቤ ነው፤ ክንዴ ዝናብ ሲመጣ በጠዘጠዘኝ ቁጥር ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። ልጁ መልሴን እየጠበቀ ነበር። ድልድዩን ተሻግረን ፍኖተ ሰላም እስክንገባ ድረስ አስቤ አልጨረስሁም።