አልከፈት ያለው ድምፅ

ፍኖተ ሰላም ላይ ኮምፒውተር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ግልፍተኛ መሆኔን ደንበኞቼ ሁሉ ያውቁታል። በተለይ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ጠጋኝ አልወድም። ለራስ ምታቱም ለሆድ ቁርጠቱም ያንኑ ክኒን የሚያድል ሐኪም ነው የሚመስለኝ።

ሽማግሌው የመጡት ከቡሬ ወዲያ ካለ ገጠር ነው። አሮጌ ኮምፒውተር በገዛ ጋቢያቸው ጠቅልለው፣ ሚኒባስ ላይ ጭናቸው ላይ ይዘውት መጡ። ቡሬ አስተማሪ የነበረች ልጃቸው ታማ ሞታባቸዋለች፤ ኮምፒውተሩ የእሷ ነበር።

«ድምጧ እዚህ ውስጥ አለ ይሉኛል። አንድ ጊዜ ብሰማው» አሉኝ።

እዚያው ቡሬ ያሳዩት ሰው ፎርማት ካልተደረገ አይሠራም ብሏቸው ነበር። እሺ ቢሉት ኖሮ ድምጧም አብሮ ይጠፋ ነበር። ደሜ ፈላ።

«እግዜር ያጥናዎት» አልኩና ዕቃውን አገላብጬ አየሁት። ጎኑ ሰርጎድ ብሏል። «ወድቋል እንዴ?»

አንገታቸውን ደፍተው ነገሩኝ። በለቅሶዋ ቀን እንዳገሩ ወግ ልብሷና የምርቃት ፎቶዋ ወጥቶ ሲለቀስበት፣ አክስቷ «የእጇ ዕቃማ ይኸ ነው» ብላ ኮምፒውተሩን ከቤት አወጣችው። ለቀስተኛው እየተቀባበለ፣ ደረቱ ላይ እያቀፈ ሲያለቅስ ከአንዱ እጅ አመለጠ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኮምፒውተር ታቅፎ ይለቀሳል ወይ ብዬ እጮህ ነበር። ያን ቀን ግን ጀግና በፈረሱና በጠመንጃው እንደሚለቀስለት ትዝ አለኝ። ልጅቷ ፈረስ አልነበራት፣ ጠመንጃ አልነበራት፤ ሌላ ምን ይዘው ያልቅሱላት?

ኮምፒውተሩ ተነሳ። የእሷ ፎልደር ግን «መክፈት አልተፈቀደልዎትም» ይላል። ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩና የተበላሸውን ማረም ጀመርኩ። መሃል ላይ መብራት ሄደ። እስኪመለስ ሽማግሌው ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። ታርሞም ፎልደሩ እምቢ አለ። ማን ይክፈት፣ ማን አይክፈት የሚለው የፈቃድ ቅንብር ኮምፒውተሩ በመውደቁ ተበላሽቷል። የባለቤቱ ስም መታየት በነበረበት ቦታ ትርጉም የሌለው ረጅም ቁጥር ብቻ ተደርድሯል።

«አባቴ፣ የሚከፈተው ወደ ሌላ ሰው ስም ሲዞር ነው» አልኳቸው።

«በእሷው ስም አይሆንም?»

«ኮምፒውተሩ ከእንግዲህ እሷን አያውቃትም።»

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«እንግዲያ በኔ አርገው» አሉ። «ልጅ ነበር አባቱን የሚወርስ።»

በስማቸው አዞርኩት፤ ተከፈተ። ከተማሪ ፈተናዎች መካከል አንድ የድምፅ ቅጂ አገኘሁ። ስፒከሩን ከፍ አድርጌ አስጀመርኩት።

የተሰማው የእሷ ድምፅ አልነበረም፤ የራሳቸው ነበር። ከጅጋ ገበያ ስለገዟትና በዚያው ሰሞን ስለጠፋችባቸው በቅሎ ያወራሉ። ዱካዋን ተከትለው ወንዝ ዳር ደርሰዋል፤ ወንዙ ሞልቶ ይጋልባል። ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። የራሳቸውን ድምፅ ሊሰሙ አልነበረም ያን ሁሉ መንገድ የመጡት።

ድንገት አንዲት ሴት ሳቅ ብላ «እሺ አባዬ፣ ከዚያስ?» አለች።

ሽማግሌው የጠረጴዛዬን ጠርዝ ጨብጠው ያዙ።

ቅጂው ላይ ያሉት አባት ግን «ዛሬስ ደከመኝ፤ የቀረውን ሌላ ጊዜ አጫውትሻለሁ» ብለው አቆሙ።

«እሺ፣ እንዳይረሱት ታዲያ» አለች። እዚያ ላይ አበቃ።

እንደገና ላሰማቸው እጄን ስዘረጋ ያዙኝ። ወደ ስፒከሩ ጎንበስ አሉ፤ አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው እንደሚያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አልረሳሁትም ልጄ» አሉ። «በቅሎዋን ወንዙ አልወሰዳትም። ውሃው ጎደል ሲል ተሻገርኩ፤ ማዶ ቆማ ስትግጥ አገኘኋት።»